ባዶ ቦታ በሠርካለም መሳቢያ

ሠርካለም ሰብስቤ የመሣሪያ ሳጥኗን መሳቢያ ስትስብ ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው መሣሪያውን አይደለም፤ ቢጫ ቀለም ነው። መሳቢያው ውስጥ የተነጠፈው ስፖንጅ ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ቢጫ ነው። ጥቁሩ በእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ልክ ተቆርጦ ጎድጉዷል። ካቻቢቴው የራሱ ጎድጓዳ አለው፤ ፒንሳው የራሱ አለው፤ መፍቻዎቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ እንደ አንድ ቤት ልጆች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሁሉም በየቦታቸው ሲሆኑ መሳቢያው ጥቁር ነው። አንዱ ከጎደለ ግን ከሥሩ ያለው ቢጫ ብቅ ይላል። ቢጫ ከታየ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ከመሬት አይነሣም።

ሕጉን ያወጣችው እሷ አይደለችም። አውሮፕላን በሚጠገንበት ቦታ ሁሉ ያለ ሕግ ነው። ሞተር ውስጥ የተረሳች ትንሽ መፍቻ መሬት ላይ ምንም አይደለችም፤ ሰማይ ላይ በሚሽከረከር ነገር መካከል ከገባች ግን ሰው ትጨርሳለች። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት መሣሪያው በዓይን ይታያል። «ያለ ይመስለኛል» የሚባል መልስ የለም።

ሠርካለም የዳባት ልጅ ናት። አባቷ አያ ሰብስቤ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻ ሲያርፉ ለጎረቤት ሞፈርና ቀንበር ይጠርባሉ። እጃቸው ብልህ ነው፤ ዕቃቸው ግን ቦታ የለውም። መጥረቢያው አንድ ቀን በረት ውስጥ፣ ሌላ ቀን አጥር ሥር ይገኛል። መሮው ጎረቤት ቤት ከርሞ፣ ተረስቶ፣ በዓመቱ ከአንድ ቁና ሽምብራ ጋር ይመለሳል። በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ድምፅ «የት አደረጋችሁት?» የሚል ነበር። አንድ ክረምት ትንሿ ሠርካለም ከምድጃ ከሰል አንሥታ የመጥረቢያውን፣ የመሮውንና የመጋዙን ቅርጽ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሳለች፤ ከእያንዳንዱ በላይም ምስማር መታች። እናቷ ግድግዳዬን አቆሸሽሽ ብለው ተቆጡ። አባቷ ግን ቆም ብለው አይተው፣

«እንግዲህ መጥረቢያዬም ጥላ አወጣ» ብለው ሳቁ።

ጥቂት ቀን በቦታው ሰቀሉት። ከዚያ ረሱት። የከሰሉ ጥላ ግን ቤቱ እንደገና እስኪለቀለቅ ድረስ ባዶውን እዚያ ግድግዳ ላይ ቆየ።

ከዓመታት በኋላ የአውሮፕላን ጥገና ልትማር አዲስ አበባ ወርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሀንጋሩ፣ አውሮፕላን ወደሚጠገንበት ሰፊ አዳራሽ፣ ስትገባ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ትልቁን አውሮፕላን ነበር። እሷ ያየችው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ የመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተስሏል። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አለች በልቧ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባዕድነት ስሜቱ ቀለለላት።

አሁን አንድ ትንሽ የኪራይ ሄሊኮፕተር ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። በበጋው ወራት ቡይት ራስ ያለ አንድ ሎጅ ሄሊኮፕተሩን እየተከራየ እንግዶች ያስጎበኛል፤ የሄሊኮፕተሩ ማደሪያ ደባርቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በሜዳው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ቀይ የብረት ሳጥኗ እዚያ ውስጥ ያድራል፤ ሥራ ሲኖር ወደ ሄሊኮፕተሩ ጎን ይወጣል። የሎጁ ሾፌሮች መኪና ሲበላሽባቸው ወደ እሷ ይመጣሉ፤ እሷም እምቢ አትልም። ግን ለሚዋስ ሁሉ መለያ ትሰጣለች። መለያዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ትንንሽ የነሐስ ክቦች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጿል። አንዱ በመሣሪያው ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው በክር ታስሮ ለተዋሰው ሰው ይሰጣል። መሣሪያው ሲመለስ ሁለቱ መለያዎች በሳጥኑ ጎን ባለች አንዲት ምስማር ላይ ይገናኛሉ።

«እንደ በግ ምልክት አደረግሽብን እኮ» ይሏታል ሾፌሮቹ።

«በግ ቢጠፋ ይሻል ነበር» ትላለች፤ ክሩን በጣታቸው ላይ ታስርላቸዋለች።

በዚያ የየካቲት ሳምንት ለመጨረሻ ጉዞ እየተሰናዱ ነበር። የሎጁ ኪራይ አልቋል፤ ሄሊኮፕተሩ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። ከድብ ባሕር ወዲያ፣ መኪና በማይደርስበት ገደል ሥር፣ ወይናት የምትባል አጥቢያ አለች። የወይናት ኪዳነ ምሕረት የድንጋይ ደወል በክረምቱ ተሰንጥቆ ድምፁ ጠፍቷል። ምእመናኑ አዋጥተው ትልቅ የብረት ደወል ገዙ። ደወሉ ደባርቅ ድረስ በጭነት መኪና መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልሄደም። ጎበዛዝቱ በወፍራም እንጨት አንጠልጥለው ሊያወርዱት ሞክረው ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸው፤ መልሰው አመጡት። የሎጁ ባለቤት ይህን ሲሰማ የመጨረሻው በረራ የደወሉ ይሁን አለ። የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነገ ወዲያ ነው። ሄሊኮፕተሩም እስከሚቀጥለው በጋ አይመለስም።

ጠዋት ሠርካለም የሞተሩን ክዳን ከፍታ የተለመደውን ምርመራ ስታደርግ፣ የወይናቱ መምሬ ገብረ ኪዳን ከሄሊኮፕተሩ ጎን ሜዳው ላይ የተቀመጠውን ደወል ዞረው ዞረው አዩትና ወደ እሷ መጡ።

«ልጄ፣ የዚህ ደወል ምላስ ይወዛወዛል።»

«ደወል ምላሱ ካልተወዛወዘ ምን ይሠራል አባ?» አለ አብራሪው ካፒቴን ብርሃኔ፣ የሄሊኮፕተሩን መስታወት እየወለወለ።

«መወዛወዙስ ደንቡ ነው። እኔ የምለው ሊወድቅ ነው። የያዘው ዳዶ ላልቷል። አንተ ሰማይ ላይ ስትንጠው ተፈትቶ እራስህ ላይ ቢወርድ፣ ቄሱ አልነገሩኝም እንዳትል።»

ካፒቴኑ ሳቀ። ሠርካለም ከሞተሩ እጇን ልታወጣ ስትል መምሬ ከለከሏት።

«ግድየለሽም፤ ሥራሽን አትፍቺ። ብረቷን ብቻ ስጪኝ። የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ በእጄ ላጥብቀው።»

እጇን በጨርቅ ጠርጋ መሳቢያውን ሳበች። ከመፍቻዎቹ አንዷን፣ ትንሿን፣ አወጣች። ሌላው እጇ መለያዎቹ ወደ ተሰቀሉበት ምስማር ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። መምሬ ጭራቸውን በብብታቸው ይዘው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጢማቸው ነጭ ነው። ከወይናት ደባርቅ ድረስ ያን ዳገት በእግራቸው የወጡ ሰው ናቸው። እኚህን ሰው ቁጥር ያለበት ክር በጣትዎ ልሰርልዎት ማለት፣ አላምንዎትም ማለት መሰላት። ፊቷ ጋለ። መፍቻዋን ብቻ በሁለት እጇ አድርጋ ሰጠቻቸው።

«እጅሽን ይባርክልሽ» አሉ መምሬ።

ምርመራው ሲያልቅ ከካፒቴኑ ጋር ነዳጅ ሊያመጡ ወደ ሌላው የሜዳው ጫፍ ሄዱ። ሞተሩ ክዳኑ እንደተከፈተ ቀረ፤ ጠባቂው አያ ያርጋል አጠገቡ ቆሙ። ነዳጅ ቀድተው ሲመለሱ መምሬ የሉም። የደወሉ ዳዶ ጠብቋል። ሠርካለም መሣሪያዎቿን እየጠረገች በየቦታቸው መለሰች። መሳቢያው ጠቆረ፤ አንዲት ጠባብ ቢጫ ብቻ ቀረች።

«አያ ያርጋል፣ መምሬ የት ሄዱ?»

«ወረዱ እኮ። ድብ ባሕር የምትሄድ መኪና ልትነሣ ነው ሲባሉ ተሯሯጡ። ዛሬውኑ ወይናት ገብተው ሕዝቡን ሊያሰናዱ ነው።»

«መፍቻዬንስ?»

አያ ያርጋል ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ለእኔ አልሰጡኝም።»

«በቃ፣ ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋት ሄደዋል» አለ ካፒቴኑ። «ወይናት ስንደርስ ትቀበያቸዋለሽ። ጎበዛዝቱን ጥሪያቸው፣ ደወሉን እንጫን፤ ነፋስ ሳይነሣ።»

«ይዘዋት ሲሄዱ ያየ አለ?» አለች ሠርካለም።

ሁለቱም ወደ አያ ያርጋል ዞሩ።

«እኔ ያየሁት» አሉ አያ ያርጋል ቀስ ብለው፣ «ደወሉን አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ፣ ብረቷን እንደያዙ ወደዚህ ሲመጡ ነው። መስቀላቸውን አወጡ። 'ይህም ፍጥረት ነው፣ ለአገልግሎት ነው የሚሄደው' ብለው ባረኩት። እጃቸውን ወደ ሆዱ ሰደድ አድርገው።»

«ወደ ተከፈተው?»

«ወደ ተከፈተው።»

«መፍቻዋ ያኔ በየትኛው እጃቸው ነበረች?»

«አሁን ይህን እኔ በምን ልወቅ ልጄ? አንገቴን ደፍቼ ነበር። ቄስ ሲባርክ ቀና ብሎ እጅ የሚመለከት ማነው?»

ካፒቴን ብርሃኔ ሊስቅ አስቦ የሠርካለምን ፊት ሲያይ ተወው።

ስልክ ተደወለ። የመምሬ ስልክ ዝግ ነው፤ ከድብ ባሕር በታች ኔትወርክ የለም። አያ ያርጋል መምሬ ያረፉበትን ቤት ፍለጋ ከተማ ወጡ። የወንድማቸው ሚስት ጤናዬ ዘንድ እንዳደሩ ሰምተው ቤቱንም አገኙት፤ ግን ተቆልፏል። ጎረቤት ሲጠይቁ «እህል ይዛ ወጥታለች» አሏቸው። ውሻው እየጮኸባቸው በር ላይ ብዙ ጠብቀው ተመለሱ።

ሠርካለም ፍለጋ ጀመረች። ዱላ ያላትን ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ አወጣች። መስታወቷ ዓይን በማይደርስበት ጥግ እየገባች የቱቦውን ጀርባ፣ የሽቦውን ሥር፣ የብሎኑን ጎን አሳየቻት። እያንዳንዱን ጥግ አየችው። ከዚያም ሌሎቹን ክዳኖች ፈታ አየች። የፈታችውን ብሎን ሁሉ በተራው በጨርቅ ላይ ደረደረችው። መፍቻዋ የለችም። ግን አለማግኘት አለመኖር አይደለም፤ ሞተሩ ውስጥ መስታወቷም የማትደርስበት ጥግ አለ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ከወይናት በኩል የሚመጣው አየር ሞቅ ያለ ነው፤ ሜዳው ላይ ያለውን ደረቅ ሣር ያተኛዋል። ካፒቴን ብርሃኔ የነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር።

«ሠርኬ፣ እኔና አንቺ እናውቃለን። ሰውየው ይዘዋት ሄደዋል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ሳይሆን ነው። ሽማግሌ ቄስ መፍቻ ሞተር ውስጥ ወርውሮ ይሄዳል?»

«ወርውረው ሳይሆን አስቀምጠው። ሲባርኩ እጃቸውን ነፃ ለማድረግ። እርስዎስ በዚህ ይበሩበታል ካፒቴን?»

ካፒቴኑ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሄሊኮፕተሩን፣ ቀጥሎም ሰማዩን አየ።

«እኔ የምበረው አንቺ ስትፈርሚ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን እዚያ ታች ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ ሰማይ እያየ ቆሟል።»

ይህንን ባትሰማው በወደደች። ሊመሽ ሲል የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ደወሉ ደረሰ?»

«አልደረሰም። መሣሪያ ጎድሎብኛል። አልፈረምሁም።»

«የማን ጥፋት ነው?»

«የእኔ ነው። መለያ ሳልሰጥ አዋስሁ።»

«ለማን?»

«ለቄስ።»

«ለቄስማ እንዴት ተብሎ መለያ ይሰጣል» አለ ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው። ወዲያው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው። ነገ እስከ ረፋድ ጠብቂ። ካልተገኘ ሌላ ቴክኒሻን ልኬ ሞተሩ እዚያው ይወርዳል። ደወሉ ይቀራል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። ያንቺን ጉዳይ እዚህ ስትመጪ እናየዋለን።»

«እሺ።»

ያን ምሽት ራቷን በልታ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን ቶሎ አልመጣም። ስለ ሥራዋ ታስብ ነበር፤ ይበልጥ ግን ስለ ወይናት ሰዎች። ሰማዩ ሲጨልም ወደየቤታቸው ሲመለሱ መምሬን ምን ብለው ጠየቋቸው? መምሬስ ምን መለሱ? በአንዲት ክር ነው ይህ ሁሉ። ክሩ በምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እጇም ደርሶበት ነበር።

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሜዳው ላይ ደረሰች። ካፒቴኑ ቀድሟታል። ሞተሩን እንደገና በመስታወት እያየች ሳለች፣ ከከተማው በኩል አንዲት ሴት አገልግል በጀርባዋ አዝላ በፀጥታ ስትመጣ አያ ያርጋል ከሩቅ አዩዋት።

«ያቺ ሴትዮ ወዴት ናት? እንግዶች ዛሬ የሉም በሏት» አለ ካፒቴኑ።

ሴትዮዋ ግን አልቆመችም። በዕድሜ ከሠርካለም እናት ብዙም የማታንስ፣ ነጠላዋን በወገቧ የታጠቀች ናት። ሄሊኮፕተሩን በጥርጣሬ ዞራው መጣች።

«የዚህ የሰማይ ብረት ሠሪ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እናቴ።»

«እኔ ጤናዬ እባላለሁ። መምሬ ገብረ ኪዳን የባለቤቴ ወንድም ናቸው።» አገልግሉን አውርዳ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን ስታነሣ በኮባ የተጋገረ ትልቅ ዳቦ ገና እንፋሎቱ ይወጣል። በዳቦው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጤናዬ ጨርቁን ፈታችው። «ይህም ያንቺ መሰለኝ።»

ትንሿ መፍቻ ነበረች። እንደ አዲስ ታበራለች።

«በአመድ ፈተግሁልሽ» አለች ጤናዬ። «ጾም ነውና ቅቤ አላስነካሁትም፤ እንዳይዝግ ግን በኑግ ዘይት አሸሁት። ትላንት ልልክልሽ ነበር፤ ባዶውን እንዴት ይላካል? መምሬም 'እንዲህ ያለች የተባረከች ልጅ አዋሰችኝ፣ ዳቦ ጋግረሽ አብረሽ መልሽላት' ብለውኝ ነው የወረዱት። ቤቴ የተፈጨ ስንዴ አልነበረም። ወፍጮ ቤት ወረፋው ምኑን ብነግርሽ! ሊጡም ሌሊቱን ካልኮመጠጠ አይሆንም።»

ሠርካለም ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። የአባቷ መሮ ትዝ አላት፤ በዓመቱ፣ ከሽምብራው ጋር። ለካ መሮው ጎረቤት ቤት ሁልጊዜ ተረስቶ አልነበረም የሚከርመው። አንዳንዱ ጎረቤት ሽምብራው እስኪደርስለት እየጠበቀ ነበር።

አያ ያርጋል ደግሞ ጤናዬን አፈጠጡባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ትላንት በርሽ ላይ ውሻሽ ሲጮህብኝ ነው የዋልሁት!»

«እርስዎ ነበሩ? ጎረቤቶቼ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ነበር ሲሉኝ ለማኝ መስሎኝ፣ ምጽዋቱ አምልጦኝ አዝኜ ነበር።»

ካፒቴን ብርሃኔ ከሄሊኮፕተሩ ጎማ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ሠርካለምም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ሌላ ነገር ሊሆን ነበርና ተነሥታ መፍቻዋን ተቀበለች። የጤናዬን እጅ ሳመች። ዘይቱን በጨርቅ ጠርጋ፣ መሳቢያውን ስባ፣ መፍቻዋን በቦታዋ አስተኛቻት። ቢጫው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ክዳኖቹ በየተራ ተዘጉ፤ ብሎኖቹ ጠበቁ፤ መሳቢያዎቹ እንደገና ተከፍተው ታዩ፤ ሠርካለም ፈረመች። ካፒቴኑ ለሥራ አስኪያጁ ደውሎ ተገኘች አለ፤ እንዴት ተገኘች ሲባል «ከዳቦ ጋር» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጎበዛዝት ተጠርተው ወንበሮቹ በተነሡበት ቦታ ላይ ደወሉን አስቀመጡ፤ ሠርካለም በገመድ አጥብቃ አሰረችው፤ ቀይ ሳጥኗንም አጠገቡ ጫነች። የደወሉ ምላስ እንዳይመታ ደግሞ በጤናዬ ጨርቅ ጠቀለለችው። አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከሜዳው ተነሣ፤ የደባርቅ ቆርቆሮ አነሰ፤ ቀጥሎ መሬቱ በድንገት አለቀና ገደሉ ተከፈተ።

ወይናት ሲደርሱ ሕዝቡ ወጥቶ ነበር። እልልታው በሞተሩ ድምፅ ውስጥ አይሰማም፤ የሴቶቹ እጅ አፋቸው ላይ ሲሆን ብቻ ይታያል። አቧራው ሲረጋ መምሬ ገብረ ኪዳን ከሁሉ ቀድመው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ደወሉን ጎበዛዝቱ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሲወስዱ እሳቸው ከሠርካለም ጋር ወደ ኋላ ቀሩ።

«ብረቷ ደረሰችሽ ልጄ?»

«ደረሰች አባ። ከነዳቦዋ።»

«ጤናዬ አላሳፈረችኝም።» ደስ አላቸው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አይቆጡኝ።»

«ተናገሪ እንጂ።»

«የእኛ ዕቃ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ወዲያውኑ፣ ባዶውን።»

መምሬ ጭራቸውን አቆሙ። «ባዶውን? የሰው ዕቃ? ከምን ዓይነት ሰዎች ጋር ነው ልጄ የምትኖሪው?»

ሳቀችና ነገረቻቸው። ስለ ቢጫው ነገረቻቸው፤ ሞተሩ ውስጥ ስለምትረሳ ትንሽ ብረት ነገረቻቸው፤ አያ ያርጋል አንገታቸውን ስለ መድፋታቸው ሲሰሙ መምሬ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን ጋቢያቸውን አወረዱ።

«እንግዲያ ትላንት» አሉ፣ «ሕዝቡን 'አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል' እያልሁ ሰማይ ሳሳይ የዋልሁት፣ መንገዱን የዘጋሁት እኔው ነኛ።»

«እኔም ነኝ አባ። መስጠት የሚገባኝ ነገር ነበር፤ አፍሬ ተውሁት።» ከኪሷ ክር ያለባትን የነሐስ ክብ አወጣች። ምን እንደምትሠራ ነገረቻቸው።

መምሬ በመዳፋቸው አገላብጠው አዩዋት። «ይህችን ነው ያፈርሽብኝ?»

«አዎ።»

«እኔ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ነኝ። ዕቃ ቤቱ በእጄ ነው። ጽናውም፣ ጸናጽሉም፣ ከበሮውም ማን እንደወሰደው ሳላውቅ ከበሩ አይወጣም። አገልግሎት አልቆ አንዱ ቢጎድል በሩን አልዘጋም፤ ደብተራ ቢሆን፣ የእኔ ዘመድ ቢሆን፣ እዚያው አቆመዋለሁ። ይጠሉኛል።» ክቧን መለሱላትና ሳቅ አሉ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ልጄ፣ በጣቴ ሳይሆን በአንገቴ አስረው ነበር።»

ሠርካለም ክሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ መልሳ ጠቀለለችው።

ደወሉ ዛፉ ላይ ወጣ። ከመነሣታቸው በፊት የወይናት ሴቶች አንድ ማሰሮ ማር አምጥተው ሰጧት፤ እሷም ለጤናዬ አገልግል ይሆናል ብላ በደስታ ተቀበለች። አገልግሉ ደባርቅ ሜዳ ላይ ባዶውን እየጠበቀ ነው፤ ባዶውን ደግሞ አይመለስም።

ካፒቴኑ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የሳጥኗን መሳቢያ ስባ ለመጨረሻ ጊዜ አየች። ጥቁር ነው፤ ሁሉም በቦታው ነው። በትንሿ መፍቻ ጎን ግን አንድ ነጭ ነገር አየች። ጠጋ ብላ አየችው። የዳቦ ፍርፋሪ ነው፤ ከጨርቁ ጋር መጥቶ ጎድጓዳው ጥግ ላይ ቀርቷል። የማይገባ ነገር በመሳቢያ ውስጥ መኖር የለበትም። በጥፍሯ ጫፍ አወጣችው። ሜዳው ላይ ልትጥለው እጇን ዘረጋች። ያኔ ዛፉ ላይ ደወሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመታ፤ ድምፁ ወደ ገደሉ ሄዶ ተመለሰ።

ፍርፋሪውን አፏ ውስጥ ጨመረችው። መሳቢያውንም ዘጋች።